በቃል የታረመው መመሪያ

የሻረግ፣ እንዴት ዋልሽ? ደህና ነሽ? ነፋሱ በርሽን ሊገነጥለው ነው እኮ። መብራት ግን አለ፣ ተመስገን… ኮምፒውተሮችሽ ሁሉ በርተዋል። ገበያውስ እንዴት ነው? አይ፣ ዛሬ የማስጽፈው የለኝም፤ መጻፉን ለሚችሉበት ትቻለሁ። ያ ጥግ ላይ ያለው ሰውዬ ማዳመጫ ሰክቷል አይደል? ደግ፤ አንረብሸው።

ያቺ የትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት የሚሠራባት ፕሮግራም ትዝ ትልሻለች? ማንም በነጻ የሚወስዳት፣ ስህተት ያየ ሁሉ የሚያርማት፣ ያረመም ስሙ የሚሰፍርባት? የአማርኛ መመሪያዋን አረምኩ ብዬ ለማኅበርተኛው ሁሉ የለፈፍኩባት? እሷን ነው የምልሽ። ባለቤቱ ወንድ ሲሆን ግሱ ሴት፤ ማሰሪያው እስኪመጣ አንባቢው የሚያሸልብበት መመሪያ ነበር። ክረምቱን ሙሉ እዚሁ ወንበርሽ ላይ ሆኜ አቃናሁት።

እንዴት አረምከው በይኝ። እንደ ቤተ ልሔም የድጓ ጉባኤ ነዋ። ድጓ ቤት መምህር ብዕር ይነካል እንዴ? ተማሪው ያነባል፣ መምህሩ ዓይኑን ጨፍኖ በቃሉ ያርማል፣ ተማሪው ይጽፋል። እኔም… ድጓውን ሳልጨርስ የወጣሁት ሰውዬ… ጋቢዬን ተከናንቤ ዓይኔን ጨፈንኩ። ያንን የኮምፒውተር ቁልፍ በጣቴ መንካት ውርደት መሰለኝ። አንድ ትሑት የሥራ ባልደረባዬ እያነበበ ጻፈልኝ። እንዴት ያለ ጣት አለው መሰለሽ… አንድ ፊደል አላጎደለም። የጎደለው የእኔ ስም ብቻ ነው።

ለካ ማሽኑ የሚመዘግበው የጻፈውን እንጂ የተናገረውን አይደለም። ትናንት ማኅበር ላይ ጓዴ "እስቲ ስምህን አሳየን" ብሎ ስልኩን አወጣ። ጠላው እጄ ላይ ቀረ። የአራሚው ስም አለ፣ አምሮ ተጽፏል… የእኔ አይደለም እንጂ። የፕሮግራሙ ባለቤቶችም አመስግነው የአማርኛውን ክፍል ኃላፊነት ሰጥተውታል። ማኅበርተኛው ፊት አፈርኩ የሻረግ። ያቺን ስም እንዴት እንደጓጓሁላት አንቺ ታውቂያለሽ።

እሱን ግን አልወቅስም። ረስቶ ይሆናል። ሰው ክረምቱን ሙሉ አጠገቡ የተቀመጠን ሰው ስም ይረሳ የለም እንዴ? ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ አንበሳው ከታሰረ በኋላ የሚጠራው ገመዱን የያዘው ብቻ መሆኑን ማን ነገረኝ? ጨዋም ነው። ጽፎ ከጨረሰልኝ ወዲህ ሲያየኝ መንገድ ይለቅልኛል… በማዶ በኩል። ደግሞስ ዓይኑን ጨፍኖ የሚያርም ሰው ምን ሲወሰድበት ያያል?

ምነው… ያ ሰውዬ ማዳመጫውን አወለቀ? ይስማ፣ ምን ክፉ ተናገርን? ስለ ሌላ ሰው ነው የምናወራው።

አሜን በይልኝ የሻረግ፣ ልመርቀው። ሹመቱን ያጽናለት፣ ስሙን ያስጠራው። ዕድሜውን ያርዝምለት፤ አርጅቶ ዓይኑ ሲደክም፣ የልፋቱን ሁሉ የሚጽፍለት፣ ልክ እንደ እሱ ያለ ታማኝ ረዳት እግዚአብሔር ከጎኑ ያስቀምጥለት።