ምራቂ ያቃጠለው ድንች

ወደ ኮሶዬ በሚሄደው ታክሲ ከፊቴ የተቀመጡ አንድ ገበሬ የፀረ ተባይ ጠርሙስ ታቅፈዋል፤ አጠገባቸው ያለችው ሴት ዝም አላለቻቸውም።

«አያ፣ መድኃኒቱ ለምንዎ ነው?»

«ለድንቹ። የላይኛው ማሳ አርሮ ቀረ።»

«ምነው፣ ሳይለኩ ረጩት?»

«ለክቻለሁ እንጂ! ላንድ መርጫ ውኃ አንድ ክዳን አሉኝ፤ አንድ ክዳን አደረግሁ።»

«ታዲያ?»

«ያለ ምራቂ ምን ስፍር አለ? ሁለት ክዳን መረቅሁበት።»

«ወይ አያ! ገበያ እህል የሚሰፍሩ መሰለዎት?»

«ትሉስ ሞቷል።»

«ድንቹስ?»

«እሱም። አሁን የቀረችኝ የታችኛዋ ማሳ ናት፤ እሷም ካረረች የምንበላው የለም። ደከመኝ፣ ልጄ።»

«እንግዲያው አንድ ክዳን ብቻ። ይማሉልኝ።»

«በማርያም! እጄ ግን ያለ ምራቂ መስፈር አልለመደም።»

አንድ ማንኪያ ውሰድ በተባልሁት የሳል ሽሮፕ ላይ ጠዋት ሁለት ጉንጭ የመረቅሁ እኔ ሽማግሌው፣ በኪሴ ያለውን ጠርሙስ ቀስ ብዬ ዳበስሁት።