ሳይሰምር የገባ ስለት

«እማዬ፣ እኔ ግን የምማረው የት ነው?» አለኝ ልጄ ቢኒያም በስልክ።

ሳቂ ግድየለም ሰብለ ልጄ፣ ሳቂ፤ ውጤት ከወጣ ወዲህ ፊትሽ ሲፈታ ዛሬ ገና ማየቴ ነው። እናትሽም እዚህ ቁጭ ትበልና ትስማ፣ በተለይ እሷ ትስማ፤ «ለሰው ምን ልበል፣ ለሰው ምን ልበል» እያለች ስትጨነቅ በአጥሩ ሰምቻት ነው የጠራኋችሁ። በእኛ ጊዜ ፈተና የወደቀ ልጅ ይገረፍና ያበቃል፣ ወይ ደግሞ አባትየው እንደ አባቴ ያለ ከሆነ ዝም ይለዋል። እኔ የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ስወድቅ አባቴ ሦስት ቀን አላናገረኝም፣ በአራተኛው ቀን «ነገ ጨርቃ ጨርቅ ትገቢያለሽ» አለኝ፣ ገባሁ፣ ጡረታ እስክወጣ እዚያው። ታዲያ ያቺን ሦስት ቀን አልረሳኋትም፣ እና ልጅ ስወልድ «እኔስ ልጄን ዝም አልለውም» ብዬ ነበር። ዝም አላልኩትም። ከዝምታ የባሰ ነገር ነው ያደረግኩበት።

ቢኒያምን ታውቂዋለሽ፣ አንድ ልጄ ነው፣ አባቱ ያረፈው እሱ ገና አምስት ዓመቱ ሳለ ነው። አሥራ ሁለተኛን ሊፈተን ሲል እኔ ለገብርኤል ተሳልኩ። «ልጄን ካሳለፍክልኝ ለታቦትህ ጃንጥላ አስገባለሁ» አልኩ፣ ባለ ወርቅ ዘርፉን። ተስዬ ዝም ብል ምን ነበረበት! ለጽዋ ማኅበሬ ሁሉ አወራሁ። ለጥሩነሽ ደግሞ ከሁሉ አስቀድሜ፤ ያቺ ትምህርት ቤቱ በር ፊት ለፊት ፎቶ ኮፒ ቤት ያላት ጥሩነሽ። ለእሷ አንድ ነገር ከነገርሽ መቶ ኮፒ አድርጋ ነው የምታድለው።

ውጤት የወጣ ቀን ልጄ ስልኩን አየና ወደ እኔ ዘረጋው። እኔ ቁጥሩ ምን እንደሆነ አልገባኝም፣ ፊቱን ሳይ ግን ገባኝ። አልጋው ላይ ወጣና ብርድ ልብሱን ተከናነበ። ታዲያ ውሃ ልቀዳ ጀሪካን ይዤ ከበር ብቅ ስል ማን ብትቆም ጥሩ ነው? ጥሩነሽ።

«አስኩ! ውጤት ወጣ አሉ እኮ! ቢኒስ?»

ገብርኤል ይወቅልኝ፣ አስቤበት አይደለም። የአባቴ ፊት ነው ድቅን ያለብኝ። «አልፏል» አልኩ።

አንዲት ቃል ናት። እሷ እልል አለች፣ እልልታዋን ታውቂው የለ፣ ከበሰቃ እስከ ቃሊቲ ነው፣ እና ሴቱ ሁሉ ወጣ፣ እኔ ጀሪካኔን እንደያዝኩ አገላብጠው ይስሙኛል፣ ልጄ ውስጥ ሆኖ ይሰማል። ስገባ ብርድ ልብሱን ከፊቱ ላይ ገለጠና «እማዬ፣ ማነው ያለፈው?» አለኝ።

«ነገ እነግራቸዋለሁ» አልኩት። ነገ ሲመጣ ዳቦ ደፍተው መጡ። ዳቦ ይዞ የመጣን ሰው ምን ትይዋለሽ?

ከዚያ ደግሞ «የት ደረሰው?» መጣ። ለጥሩነሽ «ጎንደር» አልኳት። ከሳምንት በኋላ በማኅበራችን አንዷ ስትጠይቀኝ ያልኩትን ረስቼ «ጂማ» አልኳት። እና ልጁ ጎንደርም ጂማም ከሆነ ሰፈር መታየት የለበትማ! ወንድሜ ተስፋዬ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም አለው፣ እዚያ ላክሁት። ቂሊንጦ ፋብሪካ ሥራ አገኘ፣ ልብስ ማሸግ። ለበዓል ለበዓል «እረፍት ወጣ» እላለሁ፣ እሱም ሻንጣ ይዞ እንደ ተማሪ ይመጣል። ሌላ ጊዜ ሲናፍቀኝ ግን በጓሮ፣ በአሮጌው ሐዲድ በኩል ነው የሚመጣው፣ በዋናው መንገድ ካለፈ የጥሩነሽ በር አለ። ሰብለ፣ እስቲ አስቢው፣ ልጄ ምን ሰረቀ? ምን ገደለ?

ስለቱስ? ስለቱ አለ! «አስኩ፣ ጃንጥላውን መቼ ነው የምታስገቢው?» ይሉኛል። ታኅሣሥ ገብርኤል ደረሰ፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አጣፍተው በሬ ላይ መጥተው ጠበቁኝ፣ እና አስገባሁ። ልብ በይ፣ ስለት የሚገባው ሲሰምር ነው፣ የእኔ ሳይሰምር ገባ። ዲያቆኑ በማይኩ የክርስትና ስሜን ጠርቶ «እህታችን ወለተ ገብርኤል፣ ልጃቸው ፈተናውን አልፎላቸው ስለታቸውን ይዘው መጥተዋል፣ እልል በሉላቸው!» አለ፣ ሕዝቡ እልል አለ፣ ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሳብኩ፣ ሰዉ ደግሞ አይቶኝ «ደስታው ነው፣ ደስታው ነው» ይላል። እኔ ያን ቀን ቀና ብዬ ሥዕሉን ማየት አልቻልኩም። በጥምቀት ታቦቱ ሲወጣማ አረንጓዴዋ ጃንጥላ ከሩቅ ትታያለች፣ ጥሩነሽ በክርኗ ጎሸም አድርጋኝ «ያቻትልሽ የቢኒ ጃንጥላ!» ትለኛለች። ውሸቴን ዘርግተው፣ ወርቅ ዘርፉ እያብለጨለጨ፣ በሕዝብ መሃል ያልፋሉ። ወዴት ልይ?

ታዲያ አንድ ቀን ነው ያ ስልክ የተደወለው።

«እማዬ፣ እትዬ ጥሩነሽ ታክሲ ውስጥ አገኙኝ። ‹ጎንደር ብርዱ እንዴት ነው?› አሉኝ። አጠገባቸው ያሉት ሴትዮ ደግሞ ‹ጂማ አይደለም እንዴ?› አሉ። እኔ ግን የምማረው የት ነው?»

«ምን አልካቸው?»

«‹ወራጅ አለ!› አልኩ።»

ከመድረሻው ሦስት ፌርማታ ቀድሞ ወርዶ በእግሩ ነው የሄደው። እኔ ያን ጊዜ እንደ አንቺ ሳቅኩ፣ እሱ ግን አልሳቀም፣ ስልኩን ዘጋው።

ለንስሐ አባቴ ሄድኩና ነገርኳቸው፣ እያለቀስኩ። «አባቴ፣ ጃንጥላውን መልሼ ላውጣው?» አልኳቸው። እሳቸውም «ለገብርኤል የገባ አይወጣም። ያስወጣሽው ልጁን ነው። እሱን አስገቢው» አሉኝ። «እሺ» ብዬ ወጣሁ። እሺ ማለት ምን ችግር አለው? እሺ ብዬ ስንት ወር ተቀመጥኩ። እንዲህ እንዲህ እያለ ሁለት ዓመት።

በኋላ አንድ ቀን አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በሐዲዱ በኩል መጣ። የሌሊት ሺፍት ሊገባ ነው፣ አልተቀመጠም። ከቦርሳው ወረቀት አወጣ፣ የዚያን ዓመት ውጤቱን።

«የግል ተፈታኝ ምዝገባ ነገ ያበቃል» አለኝ።

«የምን ምዝገባ?»

«እንደገና ልፈተን ነበር። ዓመቱን ሙሉ ሳነብ ነበር እማዬ፣ ሰርቪስ ውስጥ፣ በምሳ ሰዓት። ለአጎቴም አልነገርኩትም።»

«ታዲያ ተመዝገባ!»

«የት?» አለኝ። «የድሮ ትምህርት ቤቴ ነው፣ የውጤቱን ኮፒ ይዞ በአካል ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ እየመጣሁ ከሐዲዱ ማዶ ቆሜ ሰልፉን አይቼ እመለሳለሁ። ሰልፉ በእትዬ ጥሩነሽ በር ነው የሚያልፈው። እኔ ጎንደር ነኝ፣ ምን ብዬ ልሰለፍ?»

«በሌላ በኩል የለም? ኮፒውን ሌላ ቦታ…»

«ኮፒው ነው እንዴ ችግሩ?» አለኝ፣ እና ድምፁ አልጮኸም፣ ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። «ፋብሪካው ሱፐርቫይዘር ሊያደርገኝ ነው። ጠዋት ከሺፍት ስወጣ ቢሮ ገብቼ ኮንትራቱን እፈርማለሁ። ከፈረምኩ ሦስት ዓመት ነው፣ ፈተና ምናምን የለም፣ አንቺም ታርፊያለሽ።»

«ቢኒዬ…»

«ወድቄ አላፈርኩም ነበር እኮ እማዬ። ክፍላችን ውስጥ ስንቱ ነው የወደቀው። እኔ ያፈርኩት አንቺ ስታፍሪ ነው።»

ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና «ወይ አስቀምጪው፣ ወይ ቅደጂው» ብሎ ወጣ፣ ሰርቪሱ እንዳያመልጠው እየሮጠ፣ በሐዲዱ በኩል። ወጥቼ ብጠራው አልሰማኝም። ስደውል ስልኩ ዝግ ነው፣ ስልካቸውን ፋብሪካው በር ላይ ይቀበሏቸዋል፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ሲወጡ ነው የሚመልሱላቸው። እና ጠዋት አንድ ሰዓት ደግሞ ሊፈርም ነው። ገባሽ ሰብለ? ከወረቀቱ ጋር ብቻዬን ቀረሁ። ያቺን ወረቀት አንስቼ አስቀምጬ፣ አንስቼ አስቀምጬ… ሁለት ዓመት ሙሉ ከሰው የደበቅኩት ይሄን ነው? መዳፍ የማትሞላ ወረቀት!

ጠዋት ተነሳሁ፣ አቡነ ዘበሰማያት ደገምኩና «ገብርኤል ሆይ፣ ያስገባሁትን አልጠይቅህም፣ እግሬን ብቻ አጽናልኝ» አልኩ። ወረቀቱን ፌስታል ውስጥ ከትቼ ወጣሁ። አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ትምህርት ቤቱ በር ደረስኩ፣ ስምንት ሰው ቀድሞኛል። የመጨረሻ ቀን ነው፣ ኋላ የመጣ ላይደርሰው ይችላል። አንዲት ልጅ ከፊቴ አለች፣ «ከአንቺ ቀጥሎ እኔ ነኝ፣ መጣሁ» አልኳትና መንገዱን ተሻገርኩ። ጥሩነሽ ገና የላሜራ በሯን ትከፍታለች።

«አስኩ! በጠዋቱ ምን እግር ጣለሽ?»

«ሁለት ኮፒ አድርጊልኝ።»

ማሽኑ እስኪሞቅ መነጽሯን አደረገች፣ ታውቂያታለሽ፣ እጇ የገባ ወረቀት ሳይነበብ አይወጣም። ስሙን አነበበች። ወደ ታች ወረደች። ቀና ብላ አየችኝ።

«ይሄ የቢኒ ነው።»

«አዎ።»

«ይሄ ግን…»

«ወድቆ ነበር ጥሩነሽ። ያን ጊዜ አላለፈም። ዋሽቼሽ ነው።»

«ጎንደርስ?»

«ጎንደር የለም።»

«ጂማ?»

«ጂማም የለም። ኮዬ ፈጬ ተስፋዬ ጋ ነው ያለው፣ ቂሊንጦ ነው የሚሠራው።»

«እና እኔ እልል ያልኩት ለምኑ ነው?» አለች፣ ድምፅዋ ከፍ አለ፣ ሰልፉ ዞሮ አየን። «ታቦት ፊት አስኩ! ታቦት ፊት ከውሸትሽ ጋር አስቆምሽኝ!»

«አዎ።»

«በየታክሲው ጎንደር ጎንደር እያልኩ! ሰው እንዴት ይስቅብኝ ነበር?»

«አዎ» አልኩ። ሌላ ምን አለኝ? እውነቷን ነው።

ወረቀቱን ማሽኑ ላይ ጥላ ክዳኑን ደረገመችው። ብርሃኑ ከስር ሄደ፣ ተመለሰ፣ ሄደ፣ ተመለሰ። ሁለቱን ኮፒ ዘረጋችልኝ፣ ፊቴን ሳታይ። ሂሳቡን ስሰጣት እጄን ገፋችው። «ሂጂ፣ ወረፋሽን እንዳይወስዱብሽ» አለችኝ። ከዚያ በኋላ እስከ ፋሲካ አላናገረችኝም፣ አልፈርድባትም።

ተመልሼ ገባሁ ሰልፉ ውስጥ። ያቺ ከፊቴ ያለችው ልጅ ዞር ብላ «እማማ፣ ለማን ነው የያዙት?» አለችኝ።

አሁን ካልወጣልኝ መቼም አይወጣልኝም ብዬ ጮክ አድርጌ «ለልጄ። ወድቆ ነው። እንደገና ሊፈተን ነው» አልኩ።

ምድር ትከፈታለች ብዬ ነበር የጠበቅኩት። ልጅቷ አየችኝ፣ እና «እኛስ ታዲያ ምን ልናደርግ የቆምን መሰለዎት?» አለችኝ።

ሰልፉ ሁሉ ሳቀ። ከኋላዬ አንዱ «ሦስተኛዬ ነው እማማ፣ ጓድ መሪ ነኝ!» አለ፣ ደግሞ ሳቁ። ለካ ያ ሰልፍ ከላይ እስከ ታች የወደቀ ሰው ሰልፍ ነው፣ እና ሁለት ዓመት ሙሉ ልጄን የደበቅኩት ከመሰሎቹ ነው። እኔም ሳቅኩ፣ ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ፣ ዕንባዬ እየመጣ።

አንድ ሰዓት ሆነ፣ ደወልኩ። ዝግ ነው። ደግሞ ደወልኩ። ይጠራል፣ አይነሳም። ቢሮ ገባ፣ ፈረመ፣ አለቀ አልኩ። በሦስተኛው ተነሳ።

«እማዬ? ምን ሆንሽ?»

«ፈረምክ?»

«ቢሮው በር ላይ ነኝ። ወረፋ አለ።»

«ልቀቀው። እዚህም ወረፋ አለህ፣ ዘጠነኛ ነህ።»

«የት?»

«ትምህርት ቤቱ በር። ኮፒውም እጄ ላይ ነው።»

«ኮፒውን የት አደረግሽው?»

«ጥሩነሽ ጋ።»

ሰዉ ሲንጫጫ፣ ሰርቪሱ ጡሩምባ ሲነፋ ብቻ ይሰማኛል። «ቢኒ?» አልኩ።

«መጣሁ» አለኝ፣ ድምፁ ተሰባብሮ። «አሁን ሰርቪሱን ይዤ፣ በሐዲዱ በኩል ቶሎ…»

«በሐዲዱ እንዳትመጣ!» አልኩት፣ ሰልፉ ሁሉ እየሰማኝ፣ ጥሩነሽም በሯ ላይ ቆማ እየሰማችኝ። «በዋናው መንገድ ና።»