የማንጎ ሳንዱች ለአማቴ

እኔ ዳቦ ካገኘሁ መሃሉ የማልከተው ነገር የለም። አማቴ እትዬ ዘሀራ ከአጣዬ ሊጠይቁን የመጡ ጊዜማ ጭራሽ ባሰብኝ። ዳቦ ሰነጠቅኩና የሮቢትን ማንጎ ከቃሪያና ከተቀቀለ እንቁላል ጋር ከትቼ አዋዜ ቀባሁበት። ራሴ ስቀምሰው ዘገነነኝ። እሳቸው ግን «ማሻአላህ! እጅህ ይባረክ» እያሉ ጨረሱት። ከወደዱትማ ብዬ በየጠዋቱ መሥራት ጀመርኩ፤ ብቻቸውን እንዳይበሉም እኔም አብሬ እውጣለሁ።

አንድ ጠዋት ከጓሮ ስመለስ፣ ለባለቤቴ ሲያንሾካሹኩ ሰማኋቸው። «ልጄ፣ ወላሂ ይሄ ሳንዱች ሊገድለኝ ነው! ግን አማች በእጁ ሠርቶ ሲያቀርብ እንዴት አልበላም ይባላል?»

ባለቤቴ ሳቋ አመለጣት። «እሱም እኮ ላንቺ ብሎ ነው እያነቀው የሚበላው!»

እትዬ ዞር ሲሉ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። በሻርፓቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። መጀመሪያ የተናደዱ መስሎኝ ደነገጥኩ፤ ለካ ትከሻቸው የሚርገበገበው በሳቅ ነው። ሦስታችንም እንባችን እስኪመጣ ሳቅን።

በማግስቱ እፎይ ብዬ እንደ ሰው እንቁላል ፍርፍር በዳቦ አቀረብኩላቸው። ቆረስ አደረጉና ወደ ጓዳ አየት አሉ።

«ምነው፣ ማንጎው አለቀ እንዴ?»

«ኧረ አለ፣ እትዬ።»

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ?»

ይሉኝታቸው ተመልሶ ይሁን ወይ የምር ለምደውት፣ አልጠየቅኳቸውም። ሁለት ማንጎ ላጥኩ፤ አንዱ ለእኔ።