ብልጭታው፣ እኔ፣ ድምፁ

በጣሊያን ጊዜ አንኮበር ጫካ ውስጥ፣ ውጊያ በሌለ ቀን አርበኞችን ሳይንስ አስተምር ነበር። አንድ ቀን «መድፍ ሲተኮስ የሚቀድመው ብልጭታው ነው ወይስ ድምፁ?» ብዬ ጠየቅኩ። ከአርበኞቹ አንዱ፣ የአልዩ አምባው ነጋዴ አቶ ይማም «አንድ ላይ ነው!» አሉኝ። «ቅርብ ሲተኮስ እንደዚያ ይመስላል። እስቲ ከሩቅ ሲተኩሱ ልብ ብለው ይዩ» አልኳቸው።

በማግስቱ ጣሊያን ከማዶ ተራራ መድፉን ለቀቀው። ገና ብልጭ ሲል ዘልዬ የቀጋ ቁጥቋጦ ውስጥ ገባሁ፤ ድምፁ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እሾኬን ስነቅል አቶ ይማም ቆመው ያጨበጭባሉ። «ወላሂ ገባኝ መምህር! መጀመሪያ ብልጭታው፣ ቀጥሎ እርስዎ፣ ድምፁ መጨረሻ!»

«ልክ ነው፤ እኔን ግን ከመልሱ ያውጡኝ» ብል ማን ሰምቶኝ! ከዚያ ወዲያ ያን ጥያቄ የሳተ ተማሪ የለኝም፤ እኔን የዘለለም የለም።