ለስላሳው የሣር ጭራ

አምና ወተት ልገዛ ሽማግሌው ጎረቤቴ ቤት ጎራ ስል የእህታቸውን ልጅ በር ላይ አገኘኋት። የከብት ሐኪም ናት፤ አጎቷን ልትጠይቅ መምጣቷ ነበር። አብረን ገባን።

ሽማግሌው በሰፈሩ «ባለድርቆሹ» ይባላሉ። ሌላው ሣሩን አጭዶ ሲጨርስ እሳቸው ዘር የሚይዘው ጭራው ወጥቶ እስኪንዠረገግ ይጠብቃሉ፤ ክምራቸው ከሁሉ ይበልጣልና ይኮሩበታል። ያን ዓመት ግን ላሚቱ መብላት አቆመች፣ ወተቷም ቀነሰ። እሳቸውም ወተት ገዢው ሁሉ በተሰበሰበበት ላሚቱን የምትቀልበውን ምራታቸውን «በስንፍናሽ ልትገያት ነው» ብለው አዋረዷት። ምራቲቱ ወደ እናቷ ቤት ልትሄድ ሻንጣዋን እያዘጋጀች ነበር።

«አጎቴ፣ ይህን ድርቆሽ መቼ አጨዱት?» አለች ሐኪሟ።

«ሲደርስ ነዋ። ጭራ ያላወጣ ሣር ምኑ ሣር ይባላል? ማሳ ላይ ብትዳስሺው እኮ ጥጥ ነው።»

«እርጥቡማ ጥጥ ነው። ሲደርቅስ?»

«ልጄ፣ እኔ ከብት ሳረባ አንቺ አልተወለድሽም።»

«ልክ ነዎት። አፏን ከፍተው አይተዋል?»

ግትርነት በሽማግሌ ላይ ሲታይ ክብር ይመስላል፤ ለዚህም ነው ደፍሮ የሚጠይቃቸው የጠፋው።

ሐኪሟ የላሚቱን አፍ ከፈተች። የጭራው ጸጉር ምላሷ ሥርና ድዷ ላይ ተሰክቶ ዙሪያው ቆስሏል።

«ይኸውልዎ። ርቧት ትቀርባለች፣ ሲወጋት ትሸሻለች። ጭራው ሳይወጣ ቢያጭዱት ቅጠሉ አይወጋም፤ የተሻለም ይመግባል።»

«ክምሩ ያንሳል እኮ።»

«ያንሳል። ግን ትበላዋለች።»

ባለድርቆሹ አንገታቸውን ደፉ። አፍረዋል፤ እኔም ለእሳቸው አፍሬ መሬት መሬት አየሁ። ቆይተው ወደ ምራታቸው ክፍል ሄዱ።

«ልጄ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ይቅር በይኝ።»

«ጓዳ ውስጥ አይሆንም፣ አባባ። ያዋረዱኝ ደጅ ላይ ነው።»

ወጡ። ወተት ገዢዎቹ ጣሳቸውን ይዘው ቆመዋል። ባለድርቆሹ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ላሚቱን ያስራብኳት እኔ ነኝ። ይህች ልጅ ድርቆሹ እጄን ይወጋኛል ብላ ነግራኝ ነበር። እኔ ግን ሥራ ጠልታ ነው አልኩ።»

ምራቲቱ በሩ ላይ ቆማ ሰማቻቸው፤ ሻንጣውን ግን ያን ቀን አልፈታችም። በማግስቱ የቆሰለውን አፍ ለማጠብ እሷው ቀደመች።

ዘንድሮ ሣሩ ጭራ ሳያወጣ ታጨደ። ክምሩ አነስተኛ ነው፤ ላሚቱ ግን ጠርጋ ትበላዋለች፣ ወተቱም ተመልሷል። አጨዳው መቼ እንደሚጀመር ሰው ሲጠይቃቸው ባለድርቆሹ ወደ ምራታቸው እያመለከቱ «እኔን አትጠይቁ፣ እሷን ጠይቁ» ይላሉ።