ሐጂ የመረጡት ፕሮግራም

ከደርግ ሸሽቼ ሱዳን፣ ገዳሪፍ እንደገባሁ አንድ የሰሊጥ ዘይት ፋብሪካ መጋዘን ውስጥ እሠራ ነበር። አንድ ቀን ከካርቱም የመጣ ሻጭ ኮምፒውተሩን ከፍቶ ለባለቤቱ ለሐጂ ሁለት ፕሮግራም አሳያቸው፤ እኔም አጠገባቸው ቆሜያለሁ። አንዱ የሚይዘው የሰሊጡንና የዘይቱን ሒሳብ ብቻ ነው። ሁለተኛው ግን የሠራተኛውን ስም፣ አገርና መኖሪያም ይመዘግባል። «ፖሊስ ሲጠይቅዎት የሐበሾቹን ስም ባንዴ አትሞ ይሰጥዎታል» አለ ሻጩ፣ ትልቅ ነገር ያመጣ መስሎት። ጊዜው የመኖሪያ ወረቀት የሌለው ሐበሻ ከገበያ እየታፈሰ የሚታሰርበት ነው፤ ፋብሪካው ውስጥ ከምንሠራው ሐበሾች መሀል ደግሞ ወረቀት ያለው አልነበረም።

ሐጂ «የመጀመሪያውን ስጠኝ» አሉ። ሻጩ ግራ ገብቶት «ታዲያ ሠራተኞችዎን በምን ሊያውቋቸው ነው?» አላቸው። ሐጂም ወደ እኔ እያዩ፣ «ከአንድ ሰሃን ፉል እንበላለን» አሉት።