የአባ ሜትር መስመር

ለመሥሪያ ቤታችን መደርደሪያ የሚሠራ አናጢ ፈልግ ተብዬ ብላክ፣ እግሬ ሳላዘው ወደ ልጅነት ሰፈሬ ወሰደኝ። ከወጣሁ ሃያ ስምንት ዓመቴ ነው። የአናጢው ቤት ግን ያው ነው፤ ሰጋቱራው ዛሬም ቁርጭምጭሚት ድረስ ያሰምጣል፣ የሙጫው ጣሳ በዚያው ምድጃ ላይ ይንተከተካል። ያ ሽታ ገና ከበሩ ሲቀበለኝ ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ ምን እዋሻለሁ።

እኛ ልጆች «አባ ሜትር» እንላቸው የነበሩት ሽማግሌ እርሳሳቸውን ከጆሯቸው ሳያወርዱ አፈጠጡብኝ።

«አንተ! የጎረቤቴ ልጅ አይደለህም? ያ ምስማር የምትሰርቀው?»

«ነኝ አባባ። ምስማሩን ግን ሁልጊዜ እመልስ ነበር።»

«ጠማማውን ነዋ የምትመልሰው!» ብለው አገላብጠው ሳሙኝ። «ለመሆኑ መደርደሪያው ምን ሊቀመጥበት ነው?»

«የልደት መዝገብ። እኔም መዝጋቢው ነኝ።»

ፊታቸው ጠቆረ። «ትናንትም አንዲት መምህርት የልጅ ልጅዎን ያስመዝግቡ እያለች ስትጨቀጭቀኝ ዋለች። ልጅ ዕቃ ነው እንዴ ቁጥር የሚለጠፍበት? የኛ መዝገብ ይኸው!» አሉና ወደ በሩ መቃን ጠቆሙ።

የሰፈሩ ልጆች ሁሉ ቁመት በእርሳስ ተሰምሮበታል። ከሁሉ በላይ በቢላ የተቀረጸ አንድ ረጅም መስመር አለ። እሱን የነካ «ደርሷል» ይባላል፤ ለሥራ ደርሷል ማለት ነው። አቤት፣ ጫማችን ውስጥ ሰጋቱራ ጠቅጥቀን ስንት ቀን ተንጠራርተናል!

«የልጅ ልጅዎስ?» አልኳቸው።

«ባለፈው ሳምንት ደረሰች። ከነገ ወዲያ የክር ፋብሪካው ደላላ መጥቶ ይወስዳታል። እናት የላት፣ አባት የላት፤ እኔም ዛሬ አለሁ ነገ የለሁም። ሙያ ትያዝ ብዬ ነው።»

«ዕድሜዋ ስንት ሆነ?»

«ቁመቷን ብታይ እንዲህ አትጠይቅም።»

«ዕድሜዋን ነው ያልኩት፣ አባባ።»

በጣታቸው ቆጠሩ። «አባቷ ይህን ጣሪያ በቀየረ ዓመት ነው የተወለደችው... አሥራ ሦስት» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

አንባቢዬ፣ እኚህ ሰው ክፉ እንዳይመስሉህ። የሰፈሩ ሕፃን ሁሉ መጀመሪያ የነዳው የእንጨት መኪና የእጃቸው ሥራ ነው፣ ለዚያም አንድ ሳንቲም ተቀብለው አያውቁም። ልማድ ግን ደግ ሰውንም ዓይኑን ይጋርደዋል።

«ልጅ በዕድሉ ያድጋል» አሉኝ። «መንግሥት ቤቴ ውስጥ ምን ጥልቅ አደረገው?»

«ቤትዎስ የእርስዎ ነው። ፋብሪካው ግን ቤትዎ አይደለም። እዚያ አባባ ብላ ብትጣራ ማን ይሰማታል?»

ወደ መቃኑ ተጠግቼ ከረጅሙ መስመር ጋር እኩል ያለችውን አንዲት የእርሳስ ጭረት አሳየኋቸው። «ይህቺን ያስታውሷታል?»

«እንዴት ትጠፋኛለች! እህትህ ናት። ያቺ መለሎ።»

«እዚህ ስትደርስ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር። ለደላላው ደርሳለች ብለው የመሰከሩት እርስዎ ነዎት። ሳል እንደያዛት ስንሰማ አባቴ ሊመልሳት ሄደ። ልጅ አይቀጠርም የሚል ሕግ ያኔም ነበረ። ባለፋብሪካው ግን ‹ቁመቷን አታይም? ልጅ ናት የሚል ወረቀት አምጣ› አለው። አባቴ ከየት ያምጣ? መቃኑን ነቅሎ አይሄድ! በሦስተኛው ዓመት፣ መሥራት ሲያቅታት፣ ፋብሪካው ራሱ መለሳት። ሁለት ወር አስታመምናት፤ ከዚያ ቀበርናት።»

ሽማግሌው ዱካቸው ላይ ቁጭ አሉ። «እኔ ደግ ያደረግሁ መስሎኝ...»

«ልወቅስዎ አልመጣሁም። ግን አሥር ጊዜ ለክተህ አንድ ጊዜ ቁረጥ እያሉ ያሳደጉን እርስዎ ነዎት። ሳንቃውን አሥር ጊዜ ለካን፤ እሷን አንዴ ለክተን ቆረጥናት።»

«ወረቀቱ ኖሮ ቢሆን ምን ያደርግ ነበር?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«አባቴ በዚያው ቀን እጇን ይዞ ይመለስ ነበር። ዛሬ ደግሞ ተቆጣጣሪ ፋብሪካ ገብቶ የእያንዳንዱን ሠራተኛ ወረቀት ያያል፤ ልጅ ካገኘ ወደ ቤቷ ይመልሳል፣ ቀጣሪውንም ይከሳል። ትምህርት ቤት አልቀበልም ሊላት አይችልም። ወላጅ ለሌላት ደግሞ ደብተርና ምሳ አለ። እርስዎ እንኳ ባይኖሩ ማንም እንደ ባለቤት አልባ ዕቃ አያነሣትም፤ የማን ልጅ እንደሆነች ተጽፏላ! ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይኼ ነው። ያቺ የጨቀጨቀችዎት መምህርትም ብትሆን፣ ያን ጊዜ አባቴን ልጅህን አስመዝግብ የሚለው እንደሷ ያለ ጎረቤት ነው የጠፋው።»

አባ ሜትር ተነሡ። መላጊያቸውን አንሥተው ረጅሙን መስመር ደጋግመው ላጉት። የእህቴን ጭረት ግን አልነኩም፤ ዙሪያዋን በጥንቃቄ አለፏት። ፍቅፋቂው እግራችን ሥር ወደቀ፣ እኔም እንደ ልጅ አለቀስኩ።

«መደርደሪያውን ሰፋ አድርጌ እሠራዋለሁ» አሉ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ። «ነገ ጧት ስንት ሰዓት ነው የምትከፍቱት?»

ይህን ሲሉ የልጅ ልጃቸው ገባች። እውነትም መለሎ ናት። መቃኑን አይታ ክው አለች።

«አባባ! መስመሩ የት ሄደ? ደርሰሻል ብለውኝ አልነበር?»

ጭንቅላቷን ለመዳበስ እጃቸውን ወደ ላይ መዘርጋት ነበረባቸው።

«ተሳስቼ ነው፣ ልጄ» አሏት። «ገና አልደረስሽም።»